ሪቮልቨር ወይስ ባለ ካዝና ሽጉጥ? የተኩስ ፍጥነትን እንዴት እናወዳድር

ሽጉጥ ሊገዛ ወይም ወደ ተኩስ ስፖርት ሊገባ ያሰበ ሰው ገና ከጅምሩ «የቱ ይፈጥናል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ወዲያው ይመጣለታል፦ «ባለ ካዝናው ነዋ!»

ይህ መልስ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። በሪቮልቨር በአንድ ሰከንድ 8 ጥይት የተኮሰ ሰው አለ። ሪቮልቨር በእርግጥ ወደ ኋላ የሚቀርበት ቦታም አለ። ያ ቦታ ግን ብዙዎች የሚገምቱት አይደለም። የቱ ጋ እንደሚቀር ካላወቃችሁ ገንዘባችሁ ለማትፈልጉት ፍጥነት ይወጣል።

በዚህ ጽሑፍ ሪቮልቨር ስል ጥይቶቹ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጡበትን ሽጉጥ ማለቴ ነው። ባለ ካዝና የምለው ከፊል አውቶማቲኩን (ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩሰውን) ነው፤ ካዝናው እጀታው ውስጥ የሚገባውን። አገር ቤት ማካሮቭ ያየ ሰው ይህን ሁለተኛውን ያውቀዋል። የማወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ነው። የተኩስ ልምምድ ቦታውም፣ ውድድሩም፣ ገበያውም በሰፊው ያለው እዚያ ነው፤ አማርኛ አንባቢም በብዛት አለ።

መለኪያው ይቅደም

«ፍጥነት» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር ውስጥ የተለያዩ ጊዜያት አሉ። አንዱ የመጀመሪያዋ ጥይት እስክትወጣ ያለው ነው። ሌላው ከአንዷ ጥይት እስከ ቀጣይዋ ያለው ክፍተት ነው። ጥይት ሲያልቅ እንደገና ለመሙላት የሚወስደውም አለ። ጥይት ሲከሽፍ ወይም መሣሪያው ሲነክስ (ተቀርቅሮ አልሠራ ሲል) የሚባክነውም ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ ግን ያ ሁሉ ጥይት ዒላማው ላይ ማረፍ አለበት። ያልመታ ጥይት ፍጥነት የለውም። ያልመታው ደግሞ ከኋላው ባለው ነገር ላይ ማረፉ አይቀርም። ስለዚህ ከዚህ በታች ቁጥር ስጠቅስ የሚመታ ሰው ፍጥነት ማለቴ ነው።

እነዚህን ጊዜያት የሚለካው ሾት ታይመር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። የመነሻ ድምፅ ይሰጥና የተኩሱን ድምፅ እየሰማ እያንዳንዷን ጥይት በሰከንድ መቶኛ ይመዘግባል። ያለሱ የሚደረግ ክርክር ሁሉ ግምት ነው።

ከጥይት ወደ ጥይት፦ ጣት ወይስ ማሽን?

ባለ ካዝናው ሽጉጥ ሲተኮስ የጥይቱ ኃይል ራሱ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ተንሸራታቹ ባዶውን ቀልሃ ይጥላል። ውስጡ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ወደ ፊት ሲመልሰው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ይህ ሁሉ የሰከንድ ሃያኛ ገደማ ይፈጃል። ግሎክ 18 ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የግሎክ 17 ሙሉ አውቶማቲክ ወንድም ሲሆን በደቂቃ ከ1,000 በላይ ጥይት በሚያስተኩስ ፍጥነት ይሠራል። ይህን ያህል የሚፈጥን ጣት የለም። ማሽኑ ሁልጊዜ ጣታችሁን ቀድሞ ይጠብቃችኋል።

ሪቮልቨር ላይ ሥራው ሁሉ የጣት ነው። ምላጩን ስትስቡ ሲሊንደሩን የምታዞሩትም፣ መዶሻውን ወደ ኋላ የምታነሱትም እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው ምላጩ የሚከብደው። ከፋብሪካ የወጣ ሪቮልቨር በተለምዶ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ግራም ያህል መሳቢያ ኃይል ይጠይቃል። የግሎክ ምላጭ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የሪቮልቨሩ መንገድም ረጅም ነው። ምላጩን ከሳባችሁ በኋላ እስከ መጨረሻው ካልለቀቃችሁት ቀጣዩ ሳብታ ይበላሻል። ፈጥነው ለመተኮስ የሚሞክሩ ጀማሪዎች ከመሳቡ ይልቅ የሚሰናከሉት በመልቀቁ ነው።

ታዲያ ሪቮልቨር ዝግተኛ ነው? ለጀማሪ አዎ፣ በትንሹ። ለሠለጠነ እጅ ግን ልዩነቱ እየሳሳ ይሄዳል።

ጄሪ ሚኩሌክ የተባለው አሜሪካዊ ተኳሽ በ8 ጥይት ሪቮልቨር 8ቱንም በ1.00 ሰከንድ ተኩሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በ6 ጥይት ሪቮልቨር 6 ተኩሶ፣ ሞልቶ፣ ሌላ 6 ተኩሶ በ2.99 ሰከንድ ጨረሰ። ከእሱ በፊት ኤድ ማክጊቨርን እ.ኤ.አ. በ1932 በሪቮልቨር 5 ጥይት በ0.45 ሰከንድ በመተኮስ ስሙን አስመዝግቧል። በእነዚህ ሰዎች እጅ ሪቮልቨር የትኛውንም ባለ ካዝና ሽጉጥ ይገዳደራል። ጣት የፈጠነውን ያህል ይፈጥናል።

ግን እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የሻምፒዮን ቁጥር መሣሪያው የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ያሳያል እንጂ የእናንተን ሰከንድ አይተነብይም። በሳምንት አንዴ የሚለማመድ ሰው በ7 ሜትር ላይ በባለ ካዝና ሽጉጥ ከጥይት ወደ ጥይት ከ0.25 እስከ 0.35 ሰከንድ ቢያወጣ ደህና ነው። ያው ሰው በሪቮልቨር ከ0.35 እስከ 0.5 ቢያወጣ አይገርምም። በ25 ሜትር ላይ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ። እዚያ የሚያዘገያችሁ ምላጩ አይደለም፤ ማነጣጠሪያው ከርግጫው በኋላ ወደ ቦታው እስኪመለስ መጠበቁ ነው።

የርግጫ ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በኪስ የሚገባ ትንሽ ባለ 5 ጥይት ሪቮልቨር በጣም ስለሚራገጥ ለፈጣን ተኩስ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። «ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ከብረት የተሠራ ከበድ ያለ ሪቮልቨር በ.38 ስፔሻል፣ በተለመደው የሪቮልቨር ጥይት፣ ለስላሳ ነው።

የመጀመሪያዋ ጥይት

እዚህ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ከአፎት መዝዞ የመጀመሪያዋን ጥይት ለማስወጣት ሁለቱም ያው ናቸው፤ ጊዜውን የሚበላው እጃችሁ ነው። ልዩነት ያለው ባለ ካዝናዎቹ መካከል ነው። እንደ ማካሮቭና እንደ ቤሬታ 92 ያሉት የመጀመሪያ ምላጫቸው ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ይቀላሉ። ከመጀመሪያዋ ወደ ሁለተኛዋ ሲሸጋገሩ ብዙዎች ይስታሉ። እንደ ግሎክ ያሉት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ሪቮልቨርም እንዲሁ፣ ከባድ ቢሆንም ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ግን ይህን መለኪያ ጨርሳችሁ እርሱት። መሣሪያው የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሣጥኑን ለመክፈት የሚሄደው ጊዜ በሁለቱ ሽጉጦች መካከል ካለው ልዩነት ሁሉ ይበልጣል። ይብለጥ! ልጅ የማያገኘው መሣሪያ ከፈጣን መሣሪያ ይሻላል።

እንደገና መሙላት፦ ትልቁ ልዩነት

ወሳኙ ነገር ይሄ ነው።

በባለ ካዝናው፣ አውራ ጣት ቁልፉን ሲጫን ባዶው ካዝና ይወድቃል። ሌላው እጅ ሙሉውን ያስገባል። ተንሸራታቹ ይለቀቃል። ጎበዝ ተወዳዳሪ ይህን ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ውስጥ ይጨርሳል። ተራው ሰው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። ሁሉም ባለ ካዝና ግን እኩል አይደለም። የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ እጀታው ታች ላይ ስለሆነ በሁለት እጅ ነው የሚወጣው፤ ጎን ላይ ቁልፍ ካላቸው ዘመናዊዎቹ ጋር አይወዳደርም።

በሪቮልቨር እርምጃዎቹ ይበዛሉ። ሲሊንደሩን ወደ ጎን መክፈት። አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንቶ ባዶ ቀልሃዎቹን ገፍቶ መጣል። አፈሙዙን ወደ ታች አዙሮ ጥይቶቹን ማስገባት። መዝጋት። ጥይቱን አንድ በአንድ ከኪስ እያወጣችሁ ከሆነ ከ10 ሰከንድ በላይ መሄዱ የተለመደ ነው። ጥይቶቹን ክብ አድርጎ ይዞ በአንዴ በሚያስገባው ስፒድ ሎደር ወደ 4 ወይም 6 ሰከንድ ይወርዳል። ከሁሉም የሚፈጥነው ሙን ክሊፕ ነው። ጥይቶቹን በቀልሃቸው ታች አንድ ላይ የሚይዝ ስስ የብረት ክብ ሲሆን፣ ከነጥይቶቹ ይገባል፣ ከነቀልሃዎቹ ይወጣል። ጥሩ ተኳሽ በሱ ወደ 2 ሰከንድ ይደርሳል። ከታጠፈ ግን ሲሊንደሩ አይዞርም፤ ስለዚህ ጠንካራ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል።

የአሜሪካ ፖሊስ ይህን ልዩነት የተማረው በመራራ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ካሊፎርኒያ ኒውሆል በተባለ ቦታ 4 የሀይዌይ ፓትሮል ፖሊሶች በአንድ ሌሊት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተገደሉ። የታጠቁት ሪቮልቨር ነበር፤ የሚሞሉትም አንድ በአንድ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ስፒድ ሎደር ማደል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 ደግሞ ማያሚ ውስጥ 8 የኤፍ ቢ አይ ባልደረቦች ከሁለት ወንጀለኞች ጋር ተታኮሱ። ሁለቱ ባልደረቦች ሞቱ፣ አምስቱ ቆሰሉ። አብዛኞቹ የያዙት ሪቮልቨር ነበር። ቆስሎ በተኩስ መሃል ሪቮልቨር መሙላት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን ታየ።

ፍርዱ ግን ሚዛናዊ ይሁን። የማያሚው ጉዳት ዋና ምክንያት አንደኛው ወንጀለኛ የያዘው ጠመንጃ ነበር። ኤፍ ቢ አይም ከዚያ በኋላ ብዙ ያጠናው ስለ ጥይቱ ኃይል ነው። ቢሆንም ወደ ባለ ካዝና የሚደረገው ሽግግር ከዚያ ወዲህ ተፋጠነ። የኒው ዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ 9 ሚሊ ሜትር ባለ ካዝና መሸጋገር ጀመረ። የቀድሞዎቹ ፖሊሶች ግን ሪቮልቨራቸውን ይዘው እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። የመጨረሻዎቹ ሪቮልቨሮች ከአገልግሎት የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

እዚህ ላይ የጥይት ቁጥር ይጨመርበት። ግሎክ 17 በካዝናው 17 ጥይት ይይዛል። ሪቮልቨር 5፣ 6፣ ቢበዛ 8 ነው የተለመደው። አንዱ አንዴ ሳይሞላ ሌላው ሁለቴ ይሞላል።

ይህ ልዩነት የምትኖሩበት ግዛት ሕግ ላይም ይመሠረታል። ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ግዛት ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና እንዳይሸጥ ይከለክላሉ። ኮሎራዶ ገደቡን 15 አድርጋለች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ሲያትል ላለ ሰው እንግዲህ ንጽጽሩ 17 ለ6 ሳይሆን 10 ለ8 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሕጎቹ በፍርድ ቤት ክርክር ስለሚነኩ ከመግዛታችሁ በፊት የዕለቱን አረጋግጡ።

ሲከሽፍ እና ሲነክስ

ጥይት ሲከሽፍ ሪቮልቨር ያሸንፋል። ምላጩን ደግማችሁ ስትስቡ ሌላ ጥይት ይመጣል። በባለ ካዝናው ካዝናውን ከታች መትቶ ተንሸራታቹን ስቦ እንደገና ማቀባበል ያስፈልጋል፤ ለለመደ ሰው 2 ሰከንድ ገደማ ነው። ሪቮልቨር ከነከሰ ግን በደህና አይነክስም። ባዶ ቀልሃ ከማስወጫው ሥር ከገባ ቆም ብሎ በጣት መፈልቀቅ ነው። በልምምድ ቦታ «ተኩስ» ተብሎ ጥይት ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አፈሙዙን ዒላማው ላይ አድርጎ 30 ሰከንድ መጠበቅ ነው ደንቡ፤ ያኔ ፍጥነት አይታሰብም።

ውድድር ላይ

ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 ሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ሲመሠረት የጀመረው ስፖርት ፍጥነትንና ትክክለኛነትን አብሮ ይመዝናል። ያገኛችሁት ነጥብ በፈጀባችሁ ሰከንድ ይካፈላል። ስሌቱን እንየው። 6 ጥይት በ2.0 ሰከንድ ተኩሳችሁ ሙሉ 30 ነጥብ ብታገኙ ውጤቱ 15 ነው። በ1.7 ሰከንድ ተኩሳችሁ 22 ነጥብ ብቻ ብታገኙ ከ13 በታች ይወርዳል። የፈጠነው ተሸነፈ።

በዚህ ስፖርት ብዙ ጥይት የሚጠይቁ የውድድር ዙሮች ስላሉ ሪቮልቨር የያዘ ሰው ደጋግሞ መሙላት አለበት። ለዚህ ነው የራሱ ምድብ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተ የሪቮልቨር ወዳጆች ዓለም አቀፍ ማኅበርም የራሱን ውድድር ያካሂዳል። ስቲል ቻሌንጅ የሚባለው ግን ለሪቮልቨር ይመቻል፤ በአንድ ዙር የሚመቱት የብረት ሳህኖች 5 ናቸው። 6 ጥይት ይበቃል፣ መሙላት የለም። ፉክክሩ የጣትና የዓይን ብቻ ይሆናል።

የኦሊምፒኩ የ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ ሌላ ነገር ነው። 5 ዒላማ በ8፣ በ6፣ ከዚያም በ4 ሰከንድ ይመታል። የሚጠቀሙበት .22 የምትባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ባለ ካዝና ነው።

በአንድ ሠንጠረዥ

ሰከንዶቹ ግምታዊ ናቸው፤ በሰውና በልምምድ ይለያያሉ።

| መለኪያ | ሪቮልቨር | ባለ ካዝና |
|---|---|---|
| ከጥይት ወደ ጥይት፣ ተራ ተኳሽ በ7 ሜትር | 0.35–0.5 ሰከንድ | 0.25–0.35 ሰከንድ |
| የምላጭ ክብደት | 4.5–5.5 ኪ.ግ ገደማ | 2–3 ኪ.ግ ገደማ |
| ሳይሞላ የሚተኮስ | 5–8 | 10–17፣ እንደ ሕጉ |
| እንደገና መሙላት፣ ተራ ተኳሽ | 4–6 ሰከንድ በስፒድ ሎደር | 2–3 ሰከንድ |
| ጥይት ሲከሽፍ | ምላጩን መድገም | ማቀባበል፣ 2 ሰከንድ ገደማ |
| የልምምድ ጥይት ዋጋ | .38 ስፔሻል ውድ ነው | 9 ሚ.ሜ ርካሽ ነው |

የመጨረሻው ረድፍ ከፍጥነት ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። ፍጥነት የሚመጣው በልምምድ ነው፤ ልምምድ ጥይት ይበላል። በአንድ ዓይነት በጀት በ9 ሚሊ ሜትር ብዙ ትተኩሳላችሁ። እኔ ለዚህ ረድፍ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ክብደት እሰጠዋለሁ።

ለማን የቱ?

ጠባብ በጀት ያለውና ገና የሚጀምር ሰው ሁለቱንም ትቶ .22 ባለ ካዝና ይያዝ። ጥይቱ ርካሽ ነው፤ ርግጫው ትንሽ ስለሆነ መጥፎ ልማድ አያስይዝም።

መካከለኛ በጀት ላለውና ውድድር ለሚፈልግ መደበኛ መጠን ያለው 9 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ገንዘቡን ለተጨማሪ ካዝናዎች፣ ለጥሩ አፎትና ለአሠልጣኝ አውሉት።

ባለ 8 ጥይት የውድድር ሪቮልቨር ከነሙን ክሊፖቹ ውድ ነው። ይህን የምመክረው የምላጭ ሥራ ለሚወድና ዓመታት ሊሰጠው ለተዘጋጀ ሰው ነው። በሪቮልቨር ምላጭ የሠለጠነ ጣት ወደ ባለ ካዝና ሲመለስ ሁሉም ይቀለዋል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

እጃቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች ነገሩ ይለያል። ተንሸራታቹን መሳብ ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ልጆቻቸው ሪቮልቨር ይገዙላቸዋል። ያ ከባድ ምላጭ ግን እነሱንም ይፈትናል። ለስላሳ ሞላ (ስፕሪንግ) ያላቸው ባለ ካዝናዎች ስላሉ መጀመሪያ እነዚያን በእጃቸው ይሞክሯቸው።

አሜሪካ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። በፌዴራል ሕጉ እንዲህ ያለ ቪዛ ያለው ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም፤ በልምምድ ቦታ ተከራይቶ መተኮስም እዚህ ውስጥ ይገባል። ኢትዮጵያ ያላችሁም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን እንደሚከለክል አትርሱ።

ከመግዛት በፊት

ብዙ የልምምድ ቦታዎች ሁለቱንም ያከራያሉ። አሠልጣኝ አጠገባችሁ ይሁን፤ የዓይንና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ፈጣን ተኩስ የማይፈቀድበት ቦታም ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ በዝግታ ተኩሱ። ስድስቱም ጥይት በ7 ሜትር አንድ ሳህን በሚያህል ክብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ታይመሩን አትንኩት።

ከዚያ በእያንዳንዱ ሽጉጥ 6 ጥይት፣ አንድ ሙሌት፣ ሌላ 6 ጥይት ተኩሱ። ከክቡ የወጣ ጥይት ካለ ያን ዙር ሰርዙት። የተኩሱን ክፍተትና የሙሌቱን ሰከንድ ለየብቻ ጻፉ። ሁለቱ ሽጉጦች የሚራራቁት በሙሌቱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እናንተም የምትፈልጉት ስቲል ቻሌንጅ ወይም የቅዳሜ መዝናኛ ከሆነ፣ ደስ ያላችሁን ግዙ። በተኩሱ ክፍተት ላይም ከተራራቁ ባለ ካዝናውን ውሰዱ፤ ቀሪውን ገንዘብ ጥይት ግዙበት።